ምሰሶው የሚበሰብሰው ከየት በኩል ነው?

የግንባታ ዓምድ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የውጭ ሥራቸውን ለመጨረስ የሚቻኮሉ አንባቢዎች ስለ ምሰሶና ስለ አግዳሚ ጠርብ በተደጋጋሚ ጽፈውልናል። ከጣና ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል፤ ረዘም ያለ መልስ የሚሻውን እናስቀድማለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ባለ ቦታዬ ላይ የእንግዳ ማረፊያ እያሠራሁ ነው። ከፊት ለፊቱ እንግዶች ተቀምጠው ሐይቁን የሚያዩበት፣ ስምንት ምሰሶ ያለውና በሣር የሚከደን ሰፊ ዳስ አቅጃለሁ። አንድ ነጋዴ ከውጭ የመጣ ነው ያለኝን 20 በ20 ሳንቲሜትር ውፍረትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው የቲክ ምሰሶ፣ ለአግዳሚም 10 በ20 የሆነ ጠርብ አቅርቦልኛል። «ቲክ ነው፤ መሬት ውስጥ ብትቀብረውም አይነካም» ብሎኛል። ግንበኛዬ ምሰሶው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ዙሪያው በኮንክሪት ይሞላ ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ሥሩን በተቃጠለ የሞተር ዘይት እንድቀባው ይመክረኛል። ዋጋው የዋዛ ስላልሆነ ከመግዛቴ በፊት ምክርዎን እሻለሁ። አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ነጋዴው ግማሹን እውነት ነግሮዎታል። የጎደለው ግማሽ ግን ገንዘብዎን ሊያስበላ የሚችለው ነው።

ቲክ በተፈጥሮው የሕንድ፣ የምያንማር፣ የታይላንድና የላኦስ ደን ዛፍ ሲሆን፣ በዝምድና ከበሶብላና ከናና ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል ቢባል በመጋዝ ቤት የዋለ ሰው እንኳ ይገረማል። የመርከብ ሠሪዎች ለዘመናት የመረጡት እንጨቱ በራሱ ውስጥ ምስጥና ፈንገስ የማይወዱት ንጥረ ነገርና ተፈጥሯዊ ቅባት ስላለው፣ ደግሞም ሲረጥብና ሲደርቅ እምብዛም ስለማይጣመም ነው። ይህ ሁሉ ምስጋና ግን የሚገባው ለመካከለኛው፣ ወርቃማ ቡናማ ለሆነው የልብ እንጨት ብቻ ነው። በዚያ ዙሪያ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ እንጨት እንደማንኛውም ተራ ጣውላ ምስጥ ይበላዋል፣ ይበሰብሳልም።

ነገሩን ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ ያደረገው የገበያው ሁኔታ ነው። ታይላንድ በ1989 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ደኗ እንዳይቆረጥ አግዳለች፤ ምያንማርም በ2014 እ.ኤ.አ. ያልተሰነጠቀ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክላለች። ስለዚህ ዛሬ በብዛት የሚሸጠው በሰው እጅ የተተከለ ቲክ ነው፤ በእኛም አካባቢ ደቡብ ሱዳንና ታንዛኒያ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የቲክ ተክል አላቸው። የተተከለ ቲክ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ገና ልጅ እያለ ከተቆረጠ የልቡ እንጨት ቀጭን፣ ነጩ ሰፊ ይሆናል፣ ያለው ልብም ቢሆን እንደ ሽማግሌው ዛፍ አይጠነክርም። 20 በ20 የሆነ ምሰሶ ከለጋ ግንድ ሲወጣ ደግሞ አራቱም ማዕዘኖች ነጭ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ገዥ ወደ ምሰሶው ፊት ሲመለከት መልከ መልካም ያያል፤ እርስዎ ግን ጫፉን ይዩ። ነጋዴውን ጫፉን በመጋዝ ሁለት ሣንቲሜትር ያህል እንዲቆርጥልዎ ይጠይቁትና አዲሱን ፊት በውሃ አርጥበው ይመልከቱ፤ ነጩና ቡናማው ያለ ምንም ክርክር ይለያያሉ። ማዕዘኑ ላይ ከጣት ውፍረት በላይ ነጭ ያለበትን ምሰሶ ለውጭ ሥራ አይቀበሉ።

በዚያው አጋጣሚ እንጨቱ እውነተኛ ቲክ መሆኑንም ያረጋግጣሉ። «የአፍሪካ ቲክ» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ኢሮኮ የሚባለው ሌላ ዛፍ ነው። ኢሮኮም ለውጭ ሥራ ጥሩ እንጨት ስለሆነ በቲክ ዋጋ እስካልተሸጠልዎ ድረስ ጥፋት የለውም። መለያው ቀላል ነው፦ በተቆረጠው ጫፍ ላይ የቲክ ቀዳዳዎች በየዓመቱ ቀለበት መጀመሪያ ላይ ተሰልፈው፣ ትልልቅ ሆነው በግልጽ ይታያሉ፤ የኢሮኮ ግን በመላው ፊት ላይ እኩል የተበተኑ ናቸው። አዲስ የተቆረጠ ቲክ ለእጅ ሰም የነካ ይመስላል፣ ሽታውም የቆዳ ዕቃ ሽታ ያስታውሳል።

አሁን ወደ ግንበኛው ሐሳብ ልምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የምከራከረው በእርሱ ላይ ነውና። እንጨት የሚበሰብሰው ውሃ ስለነካው ሳይሆን ውሃው አልወጣ ስላለው ነው። ርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ላይ ፈንገስ ሥራ የለውም። ከዚያ እጅግ ሲበልጥና አየርም ሲያገኝ ግን ይጀምራል፤ ለዚህም ነው የተተከለ ምሰሶ ጥልቁ ጫፉ ደኅና ሆኖ ሳለ ከመሬቱ ወለል ላይ፣ አየርና ርጥበት በሚገናኙበት በዚያ አንድ ስንዝር ላይ ተቆርጦ የሚወድቀው። ኮንክሪቱ ደግሞ ከዚህ ይጠብቀዋል የሚለው እምነት ተገላቢጦሽ ነው። እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና ከኮንክሪቱ ጋር የጸጉር ያህል ክፍተት ይፈጥራል፤ በክረምት ያ ክፍተት ውሃ የሚሞላ ጽዋ ይሆናል፣ ባሕር ዳር ደግሞ አብዛኛው ዝናቧ በሰኔና በመስከረም መካከል ስለሚወርድ ጽዋው ለወራት አይደርቅም።

ይህን በመጽሐፍ ያነበብሁት ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በግቢዬ ለመኪና ማቆሚያ አራት የጥድ ምሰሶዎች ሳቆም ግንበኛው ሌላ ሐሳብ አቅርቦልኝ ነበር፤ «አይ፣ በኮንክሪት ይታሰር» ብዬ ያዘዝሁት እኔው ነኝ። በስድስተኛው ክረምት አንደኛው ምሰሶ በትንሹ አዘነበለ። ካቻቢቴ ይዤ ከኮንክሪቱ አፍ ላይ ስወጋው ብረቱ እስከ እጀታው ድረስ እንደ ሊጥ ገባ፤ ከዚያ አንድ ክንድ ከፍ ብዬ ስወጋው ደግሞ ነጥሮ ተመለሰ። ጥዱ ጥፋት አልነበረበትም።

ስለዚህ ምሰሶዎችዎን መሬት ውስጥ አይቅበሯቸው። ለእያንዳንዳቸው የኮንክሪት መሠረት ይውጣላቸው፤ መሬቱ ዋልካ ከሆነ ዋልካው በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ መሠረቱን ስለሚያንቀሳቅሰው ጠንካራው መሬት እስኪገኝ መቆፈር ግድ ነው። የመሠረቱ ራስ ከተጠናቀቀው ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ይበልና ውሃ እንዲያንሸራትት ወደ አራቱም አቅጣጫ በትንሹ ይዘንበል። በላዩ ላይ ከወፍራም ላሜራ የተበየደ፣ በዚንክ የተነከረ የብረት ጫማ በመሠረቱ ውስጥ በተቀበረ ብሎን ይታሰራል፤ ምሰሶው የሚያርፈው በዚህ ጫማ ላይ ሲሆን በእንጨቱ እግርና በኮንክሪቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲሜትር ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት መቅረት አለበት። ጫማው እንደ ሣጥን ዙሪያውን የተዘጋ እንዳይሆን በያጁን አጥብቀው ይንገሩት። የተዘጋ ጫማ ውሃ ያጠራቅማል፤ ያን ጊዜ ከኮንክሪቱ ጽዋ ወደ ብረት ጽዋ ተዛወርን ማለት ነው። ምሰሶው በተቆረጠበት እግሩ በኩል ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ውሃ ስለሚመጥ፣ ከመቆሙ በፊት ያ ፊት በሰም ወይም በወፍራም የዘይት ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥገብ።

በዚህ አሠራር የሚቀር አንድ ጉዳይ አለ፣ ብዙ ሰውም የሚስተው ይህን ነው። መሬት ውስጥ የተተከለ ምሰሶ ወደ ጎን ሲገፋ መሬቱ ይይዘዋል፤ በብረት ጫማ ላይ የቆመው ግን እንደ ማጠፊያ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሰፊ የሣር ክዳን ሲያገኝ ዳሱን በሙሉ ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብለው፣ ከሥርም ገብቶ ሊያነሣው ይሞክራል። ስለዚህ በየምሰሶው ራስ፣ ምሰሶውና አግዳሚው በሚገናኙበት ማዕዘን፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ ደጋፊ ይግባ። ከማዕዘኑ 80 ሳንቲሜትር ያህል ወርዶ፣ ያንኑ ያህል በአግዳሚው ላይ ሄዶ የሚታሰር ቢሆን የሰው ራስም አይመታም። አግዳሚውም በምሰሶው ላይ እንዲያው ከመቀመጥ ይልቅ በብሎን ይያዝ።

አግዳሚውን በተመለከተ፣ 10 በ20 የሆነው ጠርብ በጠባቡ ፊት ላይ እንዲቆም ያድርጉ። በሰፊው ፊት ተኝቶ ከሚቀመጥ ይልቅ በዚህ አኳኋን ሁለት እጥፍ ይሸከማል፣ መጉበጡም ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ያው እንጨት ነው፣ ያው ዋጋ ነው። የምሰሶዎቹ ርቀት ምን ያህል ይሁን የሚለውን ግን የክዳኑን ስፋት ያየ መሐንዲስ ቢያሰላልዎ ይሻላል፤ ክረምት የጠጣ ሣር ክብደቱ እንደ በጋው አይደለምና።

ለማንሣትም ይዘጋጁ። አንዱ ምሰሶ ደርቆ እንኳ 100 ኪሎ ግራም ያልፋል። ቲክ በውስጡ ከአሸዋ ጋር ተመሳሳይ የሆነ ሲሊካ ስላለበት ተራ መጋዝ በአንድ ቀን ያደንዛል፤ አናጢዎ ጠንካራ ጥርስ ያለው ዲስክ ይዘው ይምጡ፣ ብናኙም ቆዳና መተንፈሻ ስለሚያስቆጣ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ። ሚስማር በቀጥታ አይመታበትም፤ ቀድሞ ይበሳል። ተራ ብረት እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ራሱም ይዝጋል፤ ስለዚህ በዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብሎን ይግዙ።

የጎረቤትዎ የተቃጠለ ዘይት በመንደሩ ሁሉ የተለመደ ቢሆንም አልደግፈውም። ዘይቱ ወደ እንጨቱ ውስጥ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ አይዘልቅም፣ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ደግሞ ያልተቀባው ሥጋ ይገለጣል። ከሞተሩ ያመጣው ብረታ ብረት ግን በዝናብ ታጥቦ የሚሄድበትን እርስዎ ከዳስዎ ሆነው ያዩታል። ጣና ከነዙሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ በሐይቁ ዳር ማንኛውንም ግንባታ ከመጀመርዎ በፊት የከተማውን አስተዳደር ፈቃድ መያዝዎንም እግረ መንገዴን አሳስባለሁ።

ጥያቄ፦ ከዘጌ የምጽፍ የቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ኮሚቴ አባልና ካህን ነኝ። የክቡ ቤተ ክርስቲያናችን የውጭ በረንዳ ምሰሶዎች እግራቸው እየተበላ ነው። አንድ በጎ አድራጊ ምእመን ሁሉንም አውጥተን በአዲስ ቲክ እንድንተካ ገንዘብ ሊሰጡን ፈቅደዋል። ምሰሶዎቹ የጥድ ናቸው ይባላል፤ አባቶች እንደሚሉት ለረጅም ዘመን ምንም አልሆኑም ነበር፤ ችግሩ የታየው ወለሉ በሲሚንቶ ከተሠራ ወዲህ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ይፍቱኝ አባታችን። መልሱን እርስዎ ራስዎ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጽፈውታል። ረጅም ዘመን የቆየ እንጨት በጥቂት ዓመታት ውስጥ መበላት ከጀመረ መጠየቅ ያለበት እንጨቱ ሳይሆን በመካከሉ የተለወጠው ነገር ነው። የጣና አብያተ ክርስቲያናት ጥንታዊ አሠራር ጥበቡ ክብ መድረኩ ከመሬት ከፍ ማለቱና ክዳኑ እንደ ጃንጥላ ወደ ውጭ ሰፍቶ ዝናቡን ከበረንዳው ማራቁ ነው። ያ መድረክ ድንጋይና ጭቃ በነበረበት ጊዜ ርጥበቱ በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር። ሲሚንቶው ሲፈስ ምሰሶዎቹን ዙሪያቸውን አንቆ ይዟቸዋል፤ ከታች የሚመጣው ርጥበት የሚወጣበት ብቸኛ ቀዳዳ የእንጨቱ እግር ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ሁኔታ ቲክ ቢያቆሙበትም መዘግየት እንጂ መዳን አይሆንም፣ የበጎ አድራጊውም ገንዘብ በከንቱ ይሄዳል።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት በየምሰሶው ዙሪያ አራት ጣት ያህል ሲሚንቶ በመሮ ተፈልፍሎ እንዲነሣና በክፍተቱ ጠጠር እንዲገባ ነው። ይህ ብዙ ወጪ የለውም። ቀጥሎ እያንዳንዱን ምሰሶ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው ያዳምጡ፤ ደኅናው እንጨት ይጮኻል፣ የተበላው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። የተበላበትን ከፍታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ባየሁት ልምድ አብዛኛው ጉዳት ከጉልበት በላይ አይወጣም።

እንዲህ ከሆነ ምሰሶውን ማውጣት አያስፈልግም። አግዳሚው በጊዜያዊ ድጋፍ ተይዞ የተበላው እግር ብቻ ይቆረጣል፣ በምትኩ የዚያው ዓይነት እንጨት፣ በደንብ የደረቀ የጥድ የልብ እንጨት፣ ግማሽ ለግማሽ ተፈልጦ ይገጠማል። የመጋጠሚያው ርዝመት ቢያንስ የምሰሶውን ውፍረት ሦስት እጥፍ ይሁንና በሁለት ብሎን ወይም በጠንካራ የወይራ ችንካር ይታሰር። መጋጠሚያው ተቆርጦ የሚነባበረው ፊት ወደ ውጭ የሚያዘነብል ይሁን እንጂ ውሃ የሚቀበል መደርደሪያ እንዳይሆን አናጢው ይጠንቀቅ። አዲሱ እግር በተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይረፍ። ቲክን ከጥድ ጋር መቀጠል የማልመክረው በሌላም ምክንያት ነው፤ ሁለቱ እንጨቶች በተለያየ መጠን ስለሚኮማተሩ መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ የቲክ ቅባትም ሙጫ አያስይዝም።

ጥድ ቆርጦ ለማምጣት ሕጋዊ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ለዘጌ ሰው መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ በትውፊት በሬ ጠምዶ ማረስ እንኳ ተከልክሎ ዛፍ ሲጠበቅበት የኖረ አገር ነውና። ሕንፃው ቅርስ ከሆነ ግን መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች መጥተው ማየት አለባቸው። የበጎ አድራጊው ገንዘብ ለእግሮቹ ጥገናና ለክዳኑ ጠርዝ ቢውል ቢያስረዷቸው ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ አናጢ ነኝ፣ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። አንድ ደንበኛ ያመጣቸውን 25 በ25 የቲክ ምሰሶዎች አቆምሁ፤ በሁለት ወር ውስጥ ከላይ እስከ ታች እርሳስ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጡ። ደንበኛው «አበላሸኸው» ብሎ ቀሪ ሒሳቤን ይዞብኛል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ለደንበኛው ነግረውት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር። ግንድ ሲደርቅ በቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚኮማተረው ከመካከል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው፤ በቲክ አንደኛው 5 በመቶ ገደማ፣ ሌላኛው ከዚያ ግማሽ ያህል ነው። የዛፉ እምብርት በመካከሉ ያለበት ምሰሶ ይህን ልዩነት የሚያስተናግድበት መንገድ የለውም፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ይቀደዳል። ቲክ ከሌሎቹ ያነሰ ይሰነጠቃል እንጂ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። 25 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው እንጨት በነፋስ እስከ ልቡ ለመድረቅ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ገጹን የሚለካው የርጥበት መለኪያም «ደርቋል» ቢል ስለ ውስጡ አይናገርም።

ቀጥ ብሎ በርዝመቱ የወረደ ስንጥቅ የምሰሶን ሸክም የመቋቋም አቅም እምብዛም አይነካም። የሚያሳስበው ሰያፍ ሆኖ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያልፍ ወይም ብሎን የገባበትን ቦታ የሚከፍል ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ መሐንዲስ ይጠራ። በአግዳሚ ጠርብ ላይ ደግሞ ስንጥቅ ያለበት ፊት ወደ ሰማይ እንዳይመለከት ያዙሩት፣ አለበለዚያ ቦይ ይሆናል። ስንጥቁን በሲሊኮን ወይም በስንጥቅ መሙያ አይድፈኑት፤ እንጨቱ በክረምት ሲያብጥ ሙሌቱን ይገፋዋል፣ በበጋ ሲኮማተር ከጎኑ ይለቅና ውሃ ይይዛል።

ለወደፊቱ ከቆመ በኋላ ከግድግዳ ወይም ከጓሮ በኩል በሚሆነው ፊት ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እስከ እምብርቱ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ የመጋዝ መስመር አስቀድመው ያውጡ። ምሰሶው መሰንጠቁ አይቀርምና በዚያ መስመር ይከፈታል፣ ሦስቱ የሚታዩ ፊቶች ይድናሉ። ጃፓናውያን አናጢዎች ይህን ከጥንት ያደርጉታል። ብሎኖቹንም የመጀመሪያው በጋ ሲያልቅ ተመልሰው ያጥብቁ፤ እንጨቱ አራት አምስት ሚሊሜትር ስለሚቀንስ ዳዶው በእጅ የሚዞር ሆኖ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ በጎርጎራ በኩል ለትንሽ ጀልባ መውጫ የሚሆን መረማመጃ ውሃ ውስጥ ልሠራ ነው። ቲክ አቅሜ አይደለም። በባሕር ዛፍ ይሆናል? ቲክ ባገኝስ ዘይት መቀባት አለብኝ?

መልስ፦ በባሕር ዛፍ ይሆናል፣ ከቲክ በተቃራኒ ዘዴ ግን ነው። በቲክ ነጩን እንጨት ጠልተን ልቡን እንፈልጋለን፤ በባሕር ዛፍ የመከላከያ መድኃኒት የሚጠጣው ነጩ እንጨት ስለሆነ ምሰሶው አራት ማዕዘን ሳይጠረብ ክቡን እንደያዘ መቅረት አለበት። እንደ መብራት ምሰሶዎች በፋብሪካ በግፊት መድኃኒት የገባበትን ይግዙ። ከተገዛ በኋላ ጫፉን ቢቆርጡት ያልታከመው ውስጡ ይገለጣልና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው በቆርቆሮ ይክደኑት፣ ቁርጥራጩንም ለማገዶ አይጠቀሙበት፤ ጢሱ መርዝ ነው።

ጣና ጨው አልባ ውሃ ስለሆነ የባሕር ወደቦችን እንጨት የሚሰረስር ትል የለበትም፤ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው የምሰሶ ክፍልም አየር ስለማያገኝ አይበሰብስም። ችግሩ ያለው የሐይቁ ከፍታ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ብሎ፣ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ሲል በሚፈጠረው ከአንድ ሜትር በላይ በሆነ ቀበቶ ላይ ነው፤ አንዴ ረጥቦ አንዴ ደርቆ የሚኖረው እርሱ ነውና። መረማመጃውን የሚይዙትን አግዳሚዎች ከከፍተኛው የውሃ ምልክት በላይ ያሳርፉ፣ ምልክቱንም በዳርቻው ድንጋይ ላይ ያዩታል። የእግር ጣውላዎቹ መካከል የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተው።

ዘይቱን በተመለከተ፣ «የቲክ ዘይት» በሚል ስም የሚሸጠው ከቲክ የሚወጣ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የተልባ ዘይትና ማቅጠኛ ነው። ቲክ ያለ ምንም ቅባት ውጭ ቢተው በጥቂት ወራት ውስጥ ፀሐዩ ገጹን ብር የሚመስል ግራጫ ያደርገዋል፤ ይህ የላዩ ቆዳ ብቻ እንጂ ሕመም አይደለም። ቡናማውን መልክ ካልወደዱት በቀር አይቀቡት፤ ርጥብ በሆነ ስፍራ ዘይቱ ለጥቁር ሻጋታ ምግብ ይሆናል፣ አንዴ ከጀመሩትም በየዓመቱ መድገም ግድ ነው። ይቀባ ካሉ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ የቀቡበትን ጨርቅ ጠቅልለው በጥግ እንዳይጥሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚግል የተጨማደደ ጨርቅ ማንም እሳት ሳያስነካው ይቀጣጠላል። በውሃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ይንከሩት ወይም ዘርግተው በድንጋይ ላይ ያድርቁት።